በበረኪና የታጠበው ገንዳ

ነርስ እንድሆን የወሰኑት እናትና አባቴ ናቸው። እኔ አልተቃወምኩም፤ ዝም አልኩ፣ ዝምታዬም እንደ እሺታ ተቆጠረ። አባቴ ዲቪ ደርሶት ሎስ አንጀለስ ከገባን ሦስተኛ ዓመታችን ነበር። እናቴ በየቤቱ እየዞረች የደከሙ አረጋውያንን ትንከባከባለች። አባቴ አዲስ አበባ ሳለ የመንገድ ቀያሽ ነበር፤ እዚህ ግን ሚራክል ማይል በሚባለው ሰፈር ካሉት ረጃጅም ሕንፃዎች በአንዱ፣ ምድር ቤት ባለው መኪና ማቆሚያ በር ላይ ተቀምጦ ትኬት ይቀበላል። እኔ የሳምንቱን ግማሽ ፌርፋክስ መንገድ ላይ በርበሬ፣ ሽሮና ጤፍ በሚሸጥ ሱቅ ውስጥ እሠራለሁ፤ በቀረው ጊዜ ኮሌጅ እማራለሁ። ለነርስነቱ የባዮሎጂ ኮርሶች ያስፈልጉ ነበር። አንድ ሴሚስተር ላይ ከሱቁ ሰዓት ጋር የማይጋጭ ሌላ ኮርስ ስላጣሁ ብቻ የመስክ ኢኮሎጂ የሚባለውን ወሰድኩ።

የመጀመሪያዋን ኒውት ያየሁት በዚያ ኮርስ ነው። አስተማሪያችን ከከተማው በስተምዕራብ ካሉት ተራሮች መካከል ወደ አንድ ጠባብ ሸለቆ ወሰደን። ሸለቆው ውስጥ ጅረት አለ። ጅረቱ ድንጋይ ለድንጋይ እየተንሸራተተ ይወርድና በየመሐሉ እየተጠራቀመ ኩሬ ይሠራል። ከነዚያ ኩሬዎች በአንዱ፣ አንድ ስንዝር የማትሞላ፣ ጀርባዋ ቡናማ፣ ሆዷ እንደ ብርቱካን ልጣጭ ያለ ፍጥረት በአራት እግሯ ቀስ እያለች ውሃው ሥር ትራመዳለች። መልኳ የእንሽላሊት ነው፣ ቆዳዋና ኑሮዋ ግን የእንቁራሪት፤ እንቁላሏን ውሃ ውስጥ ትጥላለች፣ በበጋ ደግሞ ወጥታ ተራራው ላይ አፈር ውስጥ ትደበቃለች። ቆዳዋ ላይ ሰው የሚገድል መርዝ ስላለ የሚደፍራት የለም ተባልን። ለዚህ ነው መሰለኝ ስንጠጋት አልሸሸችም። የክፍል ጓደኞቼ ፎቶ አንስተው አለፉ። እኔ ቆሜ ቀረሁ፤ አስተማሪው ተመልሶ መጥቶ እስኪጠራኝ ድረስ ቆሜ ነበር።

ዲግሪዬን ስይዝ በዚያው ጅረት ላይ የምትሠራ አንዲት ባለሙያ ረዳት እንደምትፈልግ ሰማሁ። ስልሳ ሊሞላት ጥቂት የቀራት፣ ጉልበቷን የሚያማት፣ የዚያን ጅረት ኒውቶች ከሃያ ዓመት በላይ ስትቆጥር የኖረች ነጭ ሴት ናት። ሥራው የኮንትራት ነበር፣ በየዓመቱ የሚታደስ፣ ወይም የማይታደስ። ለቤት ስነግር አባቴ ስለ ሥራው ብዙ ጠየቀኝ፤ እናቴ ግን አንድ ነገር ብቻ ነው የጠየቀችው።

"እና ዲግሪሽን ይዘሽ ውሃ ውስጥ እንሽላሊት ልትቆጥሪ ነው?"

"ለአንድ ዓመት ነው፣ እማዬ።"

"ነርሲንጉስ?"

"ከዚያ በኋላ" አልኳት። ያን ጊዜ ከልቤ ነበር።

መቁጠር ቀላል ይመስለኝ ነበር። የመጀመሪያው ቀን ከታች ተነሥተን ወደ ላይ ሄድን፤ ወደ ላይ ሲኬድ እግር የሚያነሣው ጭቃ ወደ ኋላ ስለሚፈስ ከፊት ያለው ውሃ አይደፈርስም። የውሃውን ነጸብራቅ የሚያጠፋ መነጽር አደረግን። እጄን ሎሽን ተቀብቼ ስለነበር አለቃዬ አሸዋ አንስታ አሸችልኝ፤ የነዚህ ፍጥረታት ቆዳ የነካውን ሁሉ እንደሚመጥ ነገረችኝ። ጫማችንን ገና ከመኪናው ስንወርድ ውሃ በተቀላቀለበት በረኪና ነከርነው፤ ከሌላ ጅረት የቆዳ በሽታ ይዘን እንዳንመጣ ነው። ከዚያ ኩሬ በኩሬ፣ ሁለታችንም ሳንነጋገር እያየን፣ የየራሳችንን ቁጥር በየራሳችን ደብተር ጻፍን። መጨረሻ ላይ አስተያየነው። እኔ አሥራ ዘጠኝ አልኩ፣ እሷ ሠላሳ አራት።

የድንጋዩን ሥር ማየት፣ ቅጠል የመሰለውን ሁለቴ ማየት፣ ሎሚ የሚያካክለውን የእንቁላል ዝልግልግ ከሥራሥር ላይ በዳበሳ ማግኘት ለመልመድ አንድ ሙሉ ክረምት ፈጀብኝ። ክሬይፊሽ የሚባሉትን ባለ መቀስ ቀይ ፍጥረታትም በወጥመድ መያዝ ተማርኩ። ዓሣ አጥማጆች ለማጥመጃ አምጥተው የጣሏቸው ናቸው፤ የኒውቶቹን እንቁላል ይበላሉ፣ ያደጉትንም ጭራ ይቆርጣሉ። የሽቦ ወጥመድ ውስጥ የውሻ ምግብ ጨምረን እናስቀምጣለን፣ ሲሞላ እናነሣለን፣ በሳምንቱ እንደገና ሞልቶ እናገኘዋለን።

"ሲያልቁ አይተሽ ታውቂያለሽ?" አልኳት አንድ ቀን።

"አንድም ጊዜ" አለችኝ፣ ወጥመዱን እያራገፈች።

አንዲት ሴት ለሃያ ዓመት ተመሳሳይ ወጥመድ ስታራግፍ ምን ይሰማታል ብዬ አስብ ነበር። አልጠየቅኳትም። ቁጥሩ ግን በየዓመቱ እየቀነሰ እንደመጣ ደብተሮቿ ላይ አይቻለሁ። አንዳንዱ ኩሬ ፊት ለፊት የጻፈችው ዜሮ እርሳሱ ወረቀቱን እስኪበሳ ድረስ የተጫነ ነው።

ኮንትራቴ ለሁለተኛ ዓመት ታደሰ። በዚያ ዓመት ዝናብ መምጣት በነበረበት ወቅት ነፋስ መጣ። ከበረሃው በኩል የሚነሣ ደረቅ ነፋስ ነው፤ ከንፈር ይሰነጥቃል፣ የመንገድ ዛፍ ይገነድሳል። ተራራው ወራት ሙሉ ጠብታ አልነካውም ነበር። ተራራው ላይ እሳት በተነሣ ማግስት ፌርፋክስ ላይ አመድ ዘነበ። እትዬ የምላቸው የሱቁ ባለቤት ደጃፉን መጥረግ ጀመሩና አመዱ ከመጥረጊያው ፊት እየበነነ ሲያስቸግራቸው ተዉት። ፓርክ የተደረጉት መኪኖች ሁሉ ግራጫ ሆነዋል። ደንበኛ አልነበረም። እትዬ ራዲዮኑን ከፍተው ቤታቸውን ጥለው የሚሸሹትን ሰዎች ነገር እየሰሙ ያለቅሳሉ፤ እኔ አጠገባቸው ቆሜ ስለ ኒውት አስባለሁ። ቤት የተቃጠለበት ሰው እያለ ይህን በማሰቤ አፍሬ ነበር። ማሰቡን ግን ማቆም አልቻልኩም።

በሦስተኛው ቀን አለቃዬ ደወለች።

"ሸለቆው በሁለቱም በኩል ተቃጥሏል።"

"ውሃ ውስጥ ያሉትስ?"

"እሳቱ አልፏቸው ይሆናል። የሚገድላቸው ዝናቡ ነው።"

አስረዳችኝ። ሣርና ቁጥቋጦ የያዘው አፈር አሁን የሚይዘው የለም። መጀመሪያ የሚመጣው ከባድ ዝናብ ተራራውን ከነአመዱ ጠርጎ ጅረቱ ውስጥ ይደፋዋል፣ ኩሬዎቹም ይሞላሉ። ስለዚህ ከዝናቡ በፊት ገብተን ያገኘነውን ማውጣት አለብን። ነገር ግን ኒውትን ያለ ፈቃድ ከውሃ ማውጣት ክልክል ነው፤ መንገዱም ለነዋሪ እንኳ ተዘግቷል። አለቃዬ ስትለምን ሰምቼ አላውቅም ነበር፣ በዚያ ሳምንት ሰማኋት። ከአንዱ መሥሪያ ቤት ወደ ሌላው እየደወለች፣ ድምፅዋ እስኪዘጋ ድረስ ያንኑ ነገር ትደጋግማለች። እኔ ትንበያውን አያለሁ። ዝናቡ እሑድ ነው አሉ፣ ከዚያ ቅዳሜ ማታ አሉ። ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ፈቃዱ ተሰጠን፤ ለዓርብ ጠዋት፣ ለአራት ሰዓታት ብቻ፣ ስድስት ሰው ሆነን፣ አጃቢ እየተከተለን።

ያን ሸለቆ ዓይኔን ጨፍኜ የምሄድበት ይመስለኝ ነበር፤ ከመኪናው ስወርድ የት እንዳለሁ አላወቅኩትም። ጥላ የሚባል የለም። የዛፎቹ ግንድ ከሰል ሆኖ ቆሟል። ወፍ አይሰማም። ስንራመድ አመዱ እስከ ቁርጭምጭሚታችን ይውጠናል፣ ከሥሩ አንዳንድ ቦታ ገና ይሞቃል። ውሃው ግን ነበር፤ ጠቁሮ፣ ቅጠል ተንሳፍፎበት፣ ነበር። ያን ቀን ደብተር አልያዝንም። ያገኘነውን በእርጥብ እጃችን እያነሣን፣ እርጥብ ቅጠል የተነጠፈበት የበረዶ ሣጥን ውስጥ እናኖራለን። አንዷን ያገኘኋት ውሃ ውስጥ ሳይሆን ዳር ላይ ነው። ከተራራው እየወረደች ነበር፣ እንቁላል ልትጥል፣ በየክረምቱ እንደምታደርገው። መዳፎቿ ተቃጥለው ነበር። አመዱን እያቋረጠች ውሃው ጋ ለመድረስ ሁለት እርምጃ ያህል ቀርቷታል።

ሰዓቱ ሊያበቃ ሲል ሠላሳ አንድ ይዘን ነበር። ላይኛው ኩሬ ውስጥ፣ ከወደቀ ግንድ ሥር፣ አንዲት ሌላ አየሁ። እጄን እስከ ትከሻዬ ከትቼ ልደርስባት አልቻልኩም። አጃቢው ውጡ አለ። አለቃዬ አምስት ደቂቃ ለመነችው፤ ሰውዬው መልካም ሰው ነበር፣ ፊቱ እያዘነ እምቢ አለ። ጥለናት ወጣን። ቅዳሜ ማታ ዝናቡ መጣ። እቤት ተኝቼ ጣሪያው ላይ ሲወርድ እሰማለሁ፤ ሰፈሩ ሁሉ እግዚአብሔር ይመስገን ይላል። እኔ ያችን ከግንዱ ሥር ያየኋትን አስባለሁ።

ሠላሳ አንዱን አንድ ኮሌጅ ያዋሰን ክፍል ውስጥ አስቀመጥናቸው፤ ስድስት የፕላስቲክ ገንዳና አንድ ትርፍ፣ ማቀዝቀዣ፣ ድንጋይና እርጥብ ቅጠል። ጅረቱ መልሶ የሚኖሩበት እስኪሆን ድረስ እዚያ ይቆያሉ ተባለ። ለስንት ጊዜ እንደሆነ ማንም አያውቅም። ሥራውን ተከፋፈልን፤ ቅዳሜና እሑድ የእኔ ሆነ። ትል እሰጣለሁ፣ የውሃውን ሙቀት እጽፋለሁ፣ በየተራ ገንዳ አጥባለሁ። አስተጣጠቡ በግድግዳው ላይ ተጽፎ ተለጥፏል። ኒውቶቹን ወደ ትርፍ ገንዳ ማዛወር፤ ገንዳውን በበረኪና ማጠብ፤ ሦስት ጊዜ በንጹሕ ውሃ ማለቅለቅ፤ አየር ላይ አድርቆ ማሳደር። የታጠበው ገንዳ ለሚቀጥለው ቀን ትርፍ ገንዳ ይሆናል።

በስድስተኛው ሳምንት ቅዳሜ ቀን ከሱቁ በቀጥታ ነው የሄድኩት። የሁለተኛውን ገንዳ በበረኪና እያጠብኩ ሳለ እናቴ ደወለች። የነርሲንጉ ማመልከቻ ሰኞ እንደሚዘጋ ከሥራ ጓደኛዋ ሰምታለች። ስልኩን በትከሻዬና በጆሮዬ መሐል ይዤ መለስኩላት። ሞልቼው እንደሆነ ጠየቀችኝ። አልሞላሁም አልኳት። ለምን አለችኝ። ከዚያ በኋላ ያለውን ሁሉ መጻፍ አልፈልግም። እሷ በስተርጅና የሰው ሽንት እየጠረገች ያስተማረችኝ ለዚህ እንዳልሆነ ነገረችኝ። እኔም አስተምሪኝ ብዬ አልለመንኩሽም አልኳት። ይህን በሕይወቴ አንድ ጊዜ ነው የተናገርኩት። እሷ ስልኩን ዘጋች። እኔ ስልኩን ኪሴ ከትቼ ሥራዬን ጨረስኩ። የሦስተኛውን ገንዳ ዘጠኝ ኒውቶች ወደታጠበው ገንዳ አዛወርኩ፣ መብራቱን አጠፋሁ፣ በሩን ቆለፍኩ።

እሑድ ጠዋት በሩን ስከፍት የበረኪና ሽታ ተቀበለኝ።

ዘጠኙም ሞተው ነበር። አንዳንዶቹ ግድግዳውን ሊወጡ ሲሞክሩ ጥግ ላይ ተደራርበዋል። መዳፎቿ የተቃጠሉባት ያቺ ከነሱ አንዷ ነበረች፤ መዳፎቿ ድነው ነበር። ገንዳውን እንዳለቀለቅኩ እስከዛሬ አላስታውስም። እንዳላለቀለቅኩም አላስታውስም። አንድ ጊዜ ያፈሰስኩ ይመስለኛል። እንዳልደረቀ ግን አውቃለሁ፣ ምክንያቱም የታጠበው ገንዳ አንድ ቀን መቆየት ነበረበት፤ እኔ ያጠብኩት ዕለት ነው የጨመርኳቸው።

ወለሉ ላይ ተቀመጥኩ። ምን ያህል እንደተቀመጥኩ አላውቅም። ከዚያ ተነሣሁና የመጀመሪያ ያደረግኩት ነገር መስኮቶቹን መክፈት ነው። ሽታው እንዲወጣ። ያን እያደረግኩ ሳለ ምን እያደረግኩ እንደሆነ ይገባኝ ነበር። ገንዳውን አጠብኩ፣ አሁን ሦስት ጊዜ አለቀለቅኩት። መዝገቡን ከፈትኩና ሦስተኛው ገንዳ ፊት ለፊት "ዘጠኝ ሞት፣ ምክንያቱ አልታወቀም" ብዬ ጻፍኩ። እጅ ጽሑፌ ያምር ነበር። በሽታ ነው ይባላል፣ ከእሳቱ የመጣ ጉዳት ነው ይባላል፤ ማንም አይጠረጥርም። ወደ መኪናዬ ወጣሁ። ሞተሩን አስነሣሁ። ከዚያ አንድ ነገር ትዝ አለኝ፦ በሽታ ነው ከተባለ የቀሩትን ሃያ ሁለት መድኃኒት ይሰጧቸዋል፣ ወይም ለምርመራ ይገድሏቸዋል። ሞተሩን አጥፍቼ ለአለቃዬ ደወልኩላት።

"እኔ ነኝ የገደልኳቸው" አልኳት። እንዴት እንደሆነ ነገርኳት። መዝገቡ ላይ የጻፍኩትንም ነገርኳት።

"መጣሁ፣ ምንም አትንኪ" አለች።

ስትመጣ አላቀፈችኝም፣ አልተቆጣችኝምም። ጓንት አድርጋ ዘጠኙን አንድ በአንድ መዘነቻቸው፣ ለካቻቸው፣ በየከረጢታቸው አድርጋ ማቀዝቀዣ ውስጥ አስገባቻቸው። ከዚያ መዝገቡን ወደ እኔ ገፋችው።

"የጻፍሽው ላይ አንድ መስመር አስምሪበት፣ አትፋቂው። ከሥሩ የሆነውን ጻፊ።"

ጻፍኩ። ከዚያ እስከ ከሰዓት በኋላ የአምስቱን ገንዳ ውሃ ሁሉ አብረን ለወጥን። ሥራው ካለቀ በኋላ የክፍሉን ቁልፍ እንድመልስላት ጠየቀችኝ። ከመስኮቱ ወደ ታች ሳይ መኪናዋ ውስጥ ገብታ፣ ሁለት እጇን መሪው ላይ አድርጋ፣ ሳትንቀሳቀስ ተቀምጣለች። ሃያ ዓመት ሙሉ የቆጠረቻቸው ናቸው። እኔ በአንድ ቀን ዘጠኙን ቀነስኳቸው።

ሰኞና ማክሰኞ ከአልጋዬ አልወረድኩም። ለእናቴ አሞኛል አልኳት። ማመልከቻው ሰኞ ተዘጋ፤ እሷም አላነሣችውም። ማክሰኞ ማታ አባቴ ከሥራ ሲገባ የደንብ ልብሱን ሳያወልቅ አልጋዬ ጠርዝ ላይ ተቀመጠ። እውነቱን ነገርኩት፤ በረኪናውን፣ መዝገቡን፣ ሁሉንም። አጽናንቶኝ ቢሆን ኖሮ ጮክ ብዬ አለቅስ ነበር። እሱ ግን ጥያቄ ጠየቀኝ።

"የቀሩትን ማን እያያቸው ነው?"

"እሷ።"

"ብቻዋን?"

"አዎ።"

"ጉልበቷን ያማታል አላልሽም?"

አልጋዬ ላይ ቀና ብዬ ተቀመጥኩ።

"ቁልፉን ባትሰጥሽም ውሃ መሸከም ትችያለሽ" አለኝና ተነሥቶ ወጣ።

ረቡዕ ጠዋት ሄጄ በሩ ላይ ቆምኩ። አስገባችኝ። ለሁለት ወር ያህል ብቻዬን አልተወችኝም፤ ያለቀለቅኩትን ገንዳ ሁሉ እጇን ከትታ ወደ አፍንጫዋ ታስጠጋ ነበር። መብቷ ነው። እኔም ዛሬ ድረስ ቤቴ ውስጥ በረኪና አላስገባም፤ እናቴ የምትገዛው ጠርሙስ ካለ ከማድ ቤት አወጣዋለሁ።

መንገዱ ሲከፈት ሸለቆውን ልናየው ሄድን። ጸደይ ነበር፣ ሌላው አገር ሁሉ አረንጓዴ ሆኗል። ጅረቱ ጋ ስንደርስ ጅረት አላገኘንም። ኩሬዎቹ የነበሩበት ቦታ ሁሉ በጥቁር ጭቃና በጠጠር ሞልቶ እንደ መንገድ ተደልድሏል፤ መሐሉ ላይ ቁርጭምጭሚት የማይሸፍን ውሃ ይንሸራተታል። ቢሆንም ቆጠርን። ከታች ወደ ላይ፣ ሳንነጋገር፣ የየራሳችንን። አሥራ አንድ ኩሬ፣ አሥራ አንድ ዜሮ። ላይኛው ጋ ስንደርስ ግንዱ አልነበረም፤ ጎርፉ ወስዶታል። አለቃዬ ድንጋይ ላይ ተቀምጣ ጉልበቷን አሸች።

"ይኼ ቦታ በእኔ ዕድሜ አይመለስም" አለች። እኔም እንደዚያው ነበር የመሰለኝ።

በበጋው ከሃያ ሁለቱ ሦስቱ መብላት እምቢ ብለው ከስተው ሞቱ። በዚህኛው የእኔ እጅ አልነበረበትም፤ ቢሆንም ሌሊቱን ሁሉ ያደረግኩትን ሳስብ ነው ያደርኩት። አሥራ ዘጠኝ ቀሩ።

አባቴን ወደዚያ የወሰድኩት በመከር ነው፣ እሱ ራሱ ጠይቆኝ። አለቃዬ ከፈቀደችለት በኋላ በእሑድ የዕረፍት ቀኑ አብሮን ገባ። ጭቃውን ለረጅም ጊዜ አየው። ከዚያ ኩሬዎቹ ምን ያህል ጥልቅ እንደነበሩ ጠየቀ። አለቃዬ የሃያ ዓመት ቁጥር ነበራት፣ የጥልቀት ልኬት ግን ጥቂት ብቻ። አባቴ የማይነቃነቁ ትልልቅ ድንጋዮች መርጦ ቀለም ቀባባቸው፣ ከነሱ ላይ ሲባጎ ወጠረ፣ ውሃ ልክ ሰቀለበት፣ ከዚያም በየአንድ ክንዱ ወደ ታች እየለካ ለእኔ ጮክ ብሎ ቁጥር ይጠራል፣ እኔ እጽፋለሁ። ከየዝናቡ በኋላ ተመልሰን ያንኑ እንለካለን፤ ውሃው ጭቃውን የት እየቆፈረ እንደሆነ፣ የት እየጨመረ እንደሆነ ይታወቃል። ለሰባት ዓመት ትኬት ሲቀበል አይቼዋለሁ። ሥራውን ሲሠራ ሳየው ግን የመጀመሪያዬ ነው። እንግሊዝኛ ሲያጥረው አለቃዬን በእጁ ያሳያታል፤ እሷም ይገባታል።

በዚያ ክረምት ዝናቡ ልከኛ ነበር። ከአሥራ አንዱ ኩሬ ሦስቱ ተቆፍረው ጉልበት ደረሱ። ወጥመድ አስቀመጥን፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ባዶ ወጣ። ኒውቶቹን የቀበረው ጎርፍ ክሬይፊሾቹንም ጠርጎ ወስዷቸዋል። አለቃዬ ባዶውን ወጥመድ አገላብጣ አየችው፤ ደስ ያላት አይመስልም ነበር። እንዲህ ባለ ዋጋ ማን ይደሰታል? ፈቃድ ጠየቅን፣ በየካቲት መጨረሻ አሥራ ዘጠኙን መለስናቸው። አለቃዬ አንዱን ሣጥን ሰጠችኝና ሂጂ አለችኝ። ውሃው ዳር ተንበርክኬ አንድ በአንድ ለቀቅኳቸው። ቀስ ብለው ሄዱ፣ እንደ ልማዳቸው።

በሳምንቱ ስድስት አየን። በሁለተኛው ሳምንት ሁለት። በመጋቢት ሦስት የእንቁላል ዝልግልግ አገኘን፣ ሁለቱ መካከለኛው ኩሬ ውስጥ፣ አንዱ ላይኛው ውስጥ። እንቁላሎቹ ተፈለፈሉ። ግልገሎቹ ጥፍር የማያህሉ፣ አንገታቸው አጠገብ ላባ የመሰለ መተንፈሻ ያላቸው ናቸው። ከዚያ በግንቦት ሙቀቱ መጣ። ጥላ የሚሰጥ ዛፍ ስለሌለ ላይኛው ኩሬ በየቀኑ ይሸሻል። ፈቃዳችን መልቀቅን እንጂ እንደገና ማንሣትን አይጨምርም ነበር። አዲስ ለማግኘት በየቀኑ ደወልን። በአባቴ ልኬት ሰባት ጣት የነበረው የውሃው ጥልቀት አራት ሆነ፣ ከዚያ ሁለት። ግልገሎቹ የቀረችው ውሃ ውስጥ ተጨናንቀው አፋቸውን ወደ ላይ ያደርጋሉ። ባልዲ ይዤ ነበር። አምስት እርምጃ ወርዶ ውሃ ያለው ኩሬ አለ። አለቃዬ ባልዲውን አየችው፣ እኔንም አየችኝ።

"ያለ ፈቃድ ካነሣሻቸው ሁለተኛ እዚህ አያስገቡንም" አለች። "የታችኞቹን ማን ያያቸዋል?"

ባልዲውን አስቀመጥኩት። ፈቃዱ በማግስቱ ከሰዓት በኋላ መጣ። ላይኛው ኩሬ ጠዋት ደርቆ ነበር።

የመካከለኛው ኩሬ ግልገሎች መተንፈሻቸውን ጥለው፣ እግር አውጥተው ሲወጡ አይተናል። ስንት እንደሆኑ አላውቅም፤ ሲወጡ መቁጠር አይቻልም። ትልልቆቹም ወጥተዋል። አሁን መስከረም ነው፣ ሁሉም የተቃጠለው ተራራ ላይ፣ ስንጥቅ ውስጥ፣ አፈር ውስጥ ናቸው፣ ካሉ። ወደ ውሃው የሚወርዱት ዝናብ ሲመጣ ነው፤ እዚህ ደግሞ ዝናቡ ከኅዳር በፊት እምብዛም ነው፣ እስከዚያ ማወቂያ መንገድ የለም። ከእሳቱ በኋላ አንድ ጊዜ የታደሰው ኮንትራቴ በሰኔ አልቋል፣ አሁን ግን አልታደሰም። አለቃዬ ለሦስት ቦታ ደብዳቤ ጽፋለች፣ መልስ የሰጠ የለም። እኔ ፌርፋክስ ሱቁ ውስጥ ሙሉ ሳምንት እሠራለሁ። ለነርሲንጉም አመለከትኩ፤ እናቴ ቅጹን አብራኝ ተቀምጣ ሞላችው፣ በመሐል ብዕሯን አስቀምጣ፣ በስልክ ከተጣላንበት ቀን ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ስለ ኒውቶቹ አንሥታ፣ "የቀሩት ይተርፋሉ ብለሽ ታስቢያለሽ?" አለችኝ።

"አላውቅም፣ እማዬ" አልኳት።

እውነቱም ይኸው ነው። በየጠዋቱ ትንበያውን አያለሁ። ለሚቀጥሉት አሥር ቀናት ፀሐይ ነው ይላል።